ስክሪን ላይ ብቻ የሚተዋወቁ ተማሪዎችን አንድ ክፍል ማድረግ

ሴሚስተሩ ሲጀመር የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ስልሳ ሰው ይገባል፣ «ሰላም ለሁላችሁም» ይባባላል፣ ስቲከሩ ይንጋጋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግሩፑ ውስጥ የሚታየው የመምህሩ ማስታወቂያና «አሳይመንቱ መቼ ነው የሚገባው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ይሆናል። ሰዎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበዋል እንጂ አንዱ ሌላውን የሚፈልግበት ጉዳይ አልተሰጣቸውም።

በግቢ ትምህርት ይህ ጉዳይ ራሱን በራሱ ይፈጥራል። ተማሪዎች በር ላይ ይጠባበቃሉ፣ ማስታወሻ ይዋዋሳሉ፣ ከፈተና ሲወጡ «ሦስተኛው ጥያቄ ምን አልክ?» ይባባላሉ። ኦንላይን ላይ በር የለም። ስለዚህ በግቢ በአጋጣሚ የሚሆነውን ሁሉ ሰው አስቦ በፕሮግራም ማስገባት አለበት። ከሁሉ በላይ ተማሪዎችን የሚያቀራርቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ለብቻ የማይጨረስ ሥራ፣ ሳይቀያየር የሚቆይ ትንሽ ቡድንና በየሳምንቱ የማይዛነፍ ሰዓት። የልደት መልዕክትና የኦንላይን ጨዋታ ምሽት የሚጠቅሙት እነዚህ ሦስቱ ካሉ ብቻ ነው።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የትምህርት ተመራማሪው ቪንሰንት ቲንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ተማሪዎች ኮሌጅ ለምን ያቋርጣሉ የሚለውን ሲያብራራ ከትምህርቱ ጋር ያለውን ትስስርና ከሰዎቹ ጋር ያለውን ትስስር ጎን ለጎን ነው ያስቀመጠው። ስለ ርቀት ትምህርት የጻፈው ማይክል ሙር ደግሞ ተማሪውን የሚጎዳው ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካው እንዳልሆነ አስረድቷል። ኮርሱ ድርቅ ባለ መዋቅር ተሠርቶ ንግግር ሲያጣ ተማሪውና መምህሩ ይራራቃሉ፤ ንግግር ሲኖር ይቀራረባሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ንግግር በምን እንደምናመጣው ነው። የተጻፈው በዋናነት ለመምህራንና ለኮርስ አስተባባሪዎች ቢሆንም አብዛኛውን የክፍል ተወካይም ሊሠራበት ይችላል።

ትምህርቱ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው

በቅድሚያ አምስት ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ ይላኩ። የሚያጠኑት በየትኛው ሰዓት ነው? የሚጠቀሙት ስልክ ነው ወይስ ኮምፒውተር? ቪዲዮ የሚያስኬድ ኔትወርክ አላቸው? ከትምህርቱ ጎን ሥራ ወይም የቤተሰብ ኃላፊነት አለባቸው? በምን ስም መጠራት ይፈልጋሉ? ሌላ አይጨምሩ፤ መጠይቁ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ብዙ ተማሪ ሳይመልስ ይቀራል። ቡድን የሚመደበው በእነዚህ መልሶች ስለሆነ በኋላ ብዙ ጣጣ ይቀንስልዎታል።

ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ ወይም የቪዲዮ መልዕክት ይላኩ። ማን እንደሆኑ፣ በሳምንቱ ውስጥ መቼ እንደሚገኙና ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚያደርግ ይናገሩበት። በስቱዲዮ ጥራት መቀረጽ የለበትም። ተማሪው የሚፈልገው ከስላይዱ ጀርባ ሰው መኖሩን ማወቅ ነው።

መገናኛውንም ይወስኑ። ማስታወቂያ በኢሜይል፣ ፋይል በሞድል (የኮርሱ ትምህርትና ውጤት የሚቀመጥበት ድረ ገጽ)፣ ጥያቄ በቴሌግራም፣ የስብሰባ ሊንክ በዋትስአፕ ከሆነ ተማሪው አራት ቦታ ሲፈልግ ይውላል፣ ከዚያ ሁሉንም ይተዋል። ሁለት ይበቃል፤ ትምህርቱና ውጤቱ ያለበት አንድ፣ ወሬውና ጥያቄው ያለበት አንድ። ስልክ ቁጥር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴሌግራም ላይ ተማሪው ቁጥሩን ከማያውቁት ሰዎች መደበቅ ይችላል፤ ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ግን ቁጥሩ በአብዛኛው ለአባላቱ ይታያል። በተለይ ሴት ተማሪዎች ከግሩፕ ቁጥራቸው ተወስዶ ሲደወልላቸው ዝም ብለው ይወጣሉ፤ ለምን እንደወጡም አይናገሩም። ቁጥር እንዴት እንደሚደበቅ የሚያሳይ አንድ ስክሪንሾት ከመግቢያ ሊንኩ ጋር አብሮ ይሂድ።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ደግሞ አለ። ኦንላይን ላይ ዕድሜ አይታይም። አንዱ «አንተ» ብሎ ይጽፋል፣ ተቀባዩ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ቅር ይለዋል፤ ሌላዋ ሁሉንም በአንቱታ ስትጠራ ቡድኑ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «እርስ በርስ እንዴት እንጠራራ?» ብሎ ጠይቆ መስማማት አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ ብዙ ሰው አፉን የሚከፍተውም ከዚያ በኋላ ነው።

ቡድን አመዳደብ

አምስት ሰው ይመድቡ። ሦስት ከሆኑ አንዱ የውሃ ሽታ ሆኖ ሲቀር ሁለት ብቻ ይተርፋሉ። ስምንት ከሆኑ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ስድስቱ ያያሉ። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው ሥራ የገመድ ጎታቾች ቁጥር ሲጨምር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት እንደሚቀንስ ያሳያል፤ ብዙ ሰው አብሮ በሚጽፍበት የጎግል ዶክ ሰነድ ላይም የሚታየው ይኸው ነው። አምስት ሲሆኑ ግን አንድ ሰው ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፣ አንድ ሰው ቢተኛም ይታወቃል።

አመዳደቡ በፊደል ተራ አይሁን። ዋናው መስፈርት የጥናት ሰዓት ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነን ሰው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነፃ ከሆኑ አራት ሰዎች ጋር ቢያስቀምጡት፣ ጥፋተኛ ሳይሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ «ሰነፍ» የሚል ስም ያተርፋል። ሁለተኛው መስፈርት መሣሪያ ነው፤ በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት ሰው ኮምፒውተር ይኑረው። አንድ ሰው ብቻ ካለው እሱ የቡድኑ ታይፒስት ሆኖ ይቀራል። ቡድኑን ከመደቡ በኋላ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይበትኑት። «ሁሉም ከሁሉም ጋር ይተዋወቅ» ብሎ በየሦስት ሳምንቱ መቀያየር ቅን ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሰው መቀለድ በሚጀምርበት ሳምንት ወደ አዲስ እንግዶች ይልከዋል።

መተዋወቁም እዚያው ቡድን ውስጥ ይሁን። ስልሳ ሰው ባለበት «ራሳችሁን አስተዋውቁ» ቢባል ስምና ከተማ ተጽፎ ያልቃል፤ ሃምሳ አምስተኛውን የሚያነብ የለም። አምስት ሰው መካከል ግን ከሚከተሉት አንዱ ቢጠየቅ መልሱ ይነበባል፦ ይህን ኮርስ ስትመዘገቡ በጣም የፈራችሁት ምኑን ነው? ከአምስታችሁ መካከል ሌላውን ልታስተምሩት የምትችሉት ነገር ምንድን ነው? መልሱ በጽሑፍ ወይም በአንድ ደቂቃ ቮይስ ሊሆን ይችላል።

በ48 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ቡድኑ ውጤት የማይያዝበት አንድ ቀላል ሥራ ያስረክብ። የሚሻለው ሥራ አንድ ገጽ ስምምነት ነው። መቼ እንገናኛለን፣ መልዕክት በስንት ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፣ መቅረት ያለበት ሰው ለማን ያሳውቃል፣ ሳይሠራ የቀረ ሰው ካለ ምን እናደርጋለን የሚሉ አራት መስመሮች ይበቃሉ። የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ ይዘለላል፤ ባዶ ከሆነ ይመልሱላቸው። ችግር ሳይፈጠር በፊት የተጻፈ ደንብ ማንንም አያስቀይምም፣ ከተፈጠረ በኋላ የሚወጣው ግን ለአንድ ሰው የተጻፈ ይመስላል።

ለብቻ የማይጨረስ ሥራ

አብዛኛው «የቡድን ሥራ» በአምስት ተቆራርጦ በመጨረሻው ሌሊት አንድ ሰው የሚሰፋው ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ሰውን አያገናኝም። ከእሱ የሚሻለው እያንዳንዱ አባል ሌሎቹ የሌላቸውን ቁራጭ ይዞ የሚመጣበት ነው፤ የማህበራዊ ሥነ ልቦና ባለሙያው ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ለመደበኛ ክፍል ያዘጋጀው የጂግሶው ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ኦንላይን ላይ እንዴት እንደሚሆን አንድ የስታቲስቲክስ ሥራ እንውሰድ።

እያንዳንዱ ተማሪ ለሰባት ቀን በየቀኑ ለጥናት ያዋለውን ደቂቃ ይመዘግባል፣ አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪየሽኑን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዛነፉ የሚያሳየውን ልኬት) ለብቻው ያሰላል። ከዚያ አምስቱ ተገናኝተው 35ቱን ቁጥሮች ይቀላቅሉና አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ የቡድኑ አማካይ ማንኛችንን ይገልጻል? አንዷ በየቀኑ 40 ደቂቃ አጥንታለች። ሌላው አምስቱን የሥራ ቀናት ዜሮ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን 140፣ 140 ደቂቃ አጥንቷል። የሁለቱም አማካይ 40 ነው፤ የእሷ መዛነፍ ዜሮ ሲሆን የእሱ ከ60 በላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው «አምስት ቀን ሙሉ ዜሮ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «የሌሊት ተረኛ ነኝ» ይሆናል። ቡድኑ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ምን እንደሆነ ገባው፣ በዚያው ስለ ጓደኛው ኑሮ አንድ ነገር አወቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መልዕክት ሲዘገይበትም ለምን እንደሆነ ያውቃል። ማንም «እንቀራረብ» ብሎ አላዘዘም።

አንዱ ቁጥሩን ይዞ ባይመጣስ? ቡድኑ በ28 ቁጥር ይሥራ፣ አንድ ሰው እንደጎደለ በሪፖርቱ ይጻፍ፣ ውጤት የሚቀነሰው ከቀረው ሰው የግል ድርሻ ብቻ ይሁን። አራቱን በአንዱ ጥፋት መቅጣት ቡድንን በፍጥነት ያፈርሳል። ለዚህ ሲባል የእያንዳንዱ ሥራ ነጥብ ከመጀመሪያው ለሁለት ይከፈል፤ ከመቶ 60 ለግል ክፍሉ፣ 40 ለጋራው ቢሆን በቂ ሚዛን አለው። የጋራው ድርሻ ከዚህ በጣም ካነሰ ማንም አይገናኝም፤ በጣም ከበዛ ጎበዞቹ ሌላውን ሳያማክሩ ለብቻቸው ሠርተው ያስረክባሉ።

የሥራ ድርሻም በየሳምንቱ ይዙር። አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ሰዓት ጠባቂ፣ አንዱ «ይህ ለምን ሆነ?» እያለ የሚሞግት፣ አምስተኛው ደግሞ ያልመጣውን ሰው የሚፈልግ። የመጨረሻው ድርሻ በሌላ ቦታ ብዙም አይሰጥም፤ እዚህ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

የጽሑፍ ውይይት

«የግብይት ትርጉም ምንድን ነው? ተወያዩበት» የሚል ጥያቄ ሲሰጥ ሦስተኛው ሰው ከጻፈ በኋላ የሚጨመር ነገር አይኖርም፤ የተቀሩት ያንኑ ቃላት ቀይረው ይጽፋሉ። መልሱ ስላይዱ ላይ ካለ ለውይይት አይሆንም። ጥያቄው ከእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ የሚያወጣ ይሁን። ለምሳሌ፦ «በዚህ ወር ልትገዙት አስባችሁ የተዋችሁትን አንድ ነገር ጥቀሱ። እንድትተዉት ያደረጋችሁ ዋጋው ነው፣ እምነት ማጣት ነው ወይስ ሌላ? ከዚህ ሳምንት ትምህርት በየትኛው ሐሳብ ይገለጻል? ከዚያ ከእናንተ የተለየ ምክንያት የሰጠ ሰው ፈልጋችሁ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ጠይቁት።» እዚህ ላይ የሌላውን ሳያነቡ መጨረስ አይቻልም።

«አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ምላሽ» የሚለው የተለመደ ደንብ ቆጠራ ያመጣል። ተማሪው ሁለት ቦታ «በጣም እስማማለሁ፣ ግሩም ሐሳብ ነው» ብሎ ይወጣል። በምትኩ አንድ ምላሽ ይጠይቁ፣ ምላሹ ግን ጥያቄ ወይም ተቃራኒ ምሳሌ ይያዝ። ቀኑንም ለሁለት ይክፈሉት፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ ረቡዕ፣ ምላሹ እስከ ቅዳሜ። ሁሉም እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ የሚገባ ከሆነ ሰው ሁሉ በመጨረሻዋ ሰዓት ለጥፎ ይተኛል፤ ሊያነበው የነበረው ሰውም ተኝቷል። ክፍሉ ከ15 ሰው በላይ ከሆነ ውይይቱን ሁለት ሦስት ቦታ ይክፈሉት።

ለተማሪ ጥያቄ ቀድሞ መልስ መስጠት ደግሞ የብዙ ትጉህ መምህራን ስህተት ነው። መምህሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከመለሰ ሌላው ተማሪ ምን ብሎ ይናገራል? ስለ ፈተና ቀንና ስለ ውጤት የሚነሳን ጥያቄ ወዲያው ይመልሱ። ስለ ትምህርቱ የሚነሳውን ግን ጥቂት ሰዓት ይተዉት፣ አንድ ተማሪ ሲሞክር በስሙ ጠርተው ትክክል የሆነውን ያጽኑ፣ የጎደለውን ይሙሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ማንም ካልመለሰ ይግቡ። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር ያቀረቡት ማዕቀፍ ለኦንላይን ክፍል ሦስት ነገር ያስፈልጋል ይላል፤ ተማሪዎች እርስ በርስ እንደ ሰው መተያየታቸው፣ ትምህርቱን የሚመራ ሰው መኖሩ መታወቁ፣ አብረው ማሰባቸው። መሪው ቦታውን ሁሉ ከያዘው ሌሎቹ ሁለቱ አይበቅሉም።

የቀጥታ ክፍለ ጊዜ

አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ቀኑና ሰዓቱ ግን አይቀያየር። ከመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ቀድመው መስመሩን ይክፈቱ፤ በር ላይ የሚደረገው ወሬ የሚካሄደው ያኔ ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ማብራሪያ፣ 12 ደቂቃ በትንንሽ ክፍሎች (ተማሪዎች በየቡድናቸው ተለይተው በሚነጋገሩባቸው) ሥራ፣ 15 ደቂቃ ያገኙትን ማቅረብ፣ የተረፈው ለጥያቄ። ትምህርቱ ሰዓቱን ሙሉ የሚተረክ ከሆነ ተቀርጾ ቢላክ ይሻላል፤ ሰውን በሰዓቱ መሰብሰብ የሚገባው ለመነጋገር ነው።

ዙም ላይ ትንንሽ ክፍሎች ሲከፈቱ ዝምታ የሚነግሠው ብዙውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። ሥራው በቃል ብቻ ተነግሮ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ጠፍቶባቸዋል፤ ማን ይጀምር የሚለው አልተወሰነም፤ የሚጽፉበት ቦታ የለም። ስለዚህ ጥያቄው የተጻፈበትን የጎግል ዶክ ሊንክ ከመግባታቸው በፊት ይላኩ፣ በሰነዱ ላይ ለእያንዳንዱ ቡድን ባዶ ሣጥን ያዘጋጁ፣ «ስሙ በፊደል ተራ የሚቀድመው ይጀምር» ይበሉ። በሰነዱ ላይ ማን እየጻፈ እንደሆነ ስለሚታይዎት በየክፍሉ እየገቡ ማወክ አያስፈልግም። ከመዘጋቱ በፊት የ60 ሰከንድ ማስጠንቀቂያ ይኑር፤ ዓረፍተ ነገር መሐል የተቋረጠ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም። እነዚህን ትንንሽ ክፍሎች አይቅረጹ።

ካሜራ አያስገድዱ። ለአንድ ሰዓት ድምፅ ብቻ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ሲፈልግ ቪዲዮ ወደ ግማሽ ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ካሜራ ያልከፈተው ሰው ዳታው ሊያልቅ ነው፣ ወይም ያለበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ተኝቷል። ከአምስት ሰው ቡድን ጋር ሲሆኑ ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ይከፍቱታል። ጨርሶ መግባት ላልቻለ ደግሞ ቡድኑ የሦስት ደቂቃ ቮይስ ይላክለት እንጂ የሙሉ ሰዓት ቅጂ ብቻ አይጣልለት።

የተማሪዎቹ የራሳቸው ግሩፕ

መምህር የሌለበት ግሩፕ ይኖራል፤ ባይፈቀድም ይኖራል። ስለዚህ አስቀድመው እውቅና ይስጡትና ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ አድሚን ይሁን። በቴሌግራም ርዕሶችን መክፈት ስለሚቻል ማስታወቂያ፣ ጥያቄና ጨዋታ ይለያዩ። የማስረከቢያ ቀኖች ፒን ተደርገው ይቀመጡ። ሌሊት መልዕክት ሲንጫጫ ብዙ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ከዚያ በኋላ አይመለስም፤ «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በጨዋታው ርዕስ ብቻ» የሚል አንድ ደንብ ይበቃል። ያለቀለት አሳይመንት መለዋወጥ ከመጀመሩ በፊትም ልዩነቱ በግልጽ ይነገር። መንገዱን ማስረዳት ይፈቀዳል፣ የተሠራ ፋይል መላክ አይፈቀድም።

የጠፋ ተማሪ

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ዝርዝሩን ይክፈቱ። ሰባት ቀን ያልገባ ማን ነው? መጀመሪያ የሚጽፍለት የቡድኑ ፈላጊ ነው። በሦስት ቀን ካልመለሰ መምህሩ በግል ይጽፋል። በግሩፕ ላይ ስም እየጠሩ «የት ጠፋችሁ?» ማለት ሰውየውን ጭራሽ ያርቀዋል፤ ባፈረበት ቦታ አይመለስም። መልዕክቱ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ሰላም፣ እንዴት ሰነበቱ? የሁለት ሳምንት ሥራ ስላልደረሰኝ ደህንነትዎን ለመጠየቅ ነው የጻፍኩት። ቡድን 4 የእርስዎን ክፍል ክፍት ትቶ እየጠበቀዎት ነው። ጊዜ ካጠረዎት በዚህ ሳምንት የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ይላኩልኝ፤ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የቀረውን ከዚያ በኋላ አብረን እናስተካክለዋለን።»

በዚህ ውስጥ ወቀሳ የለም፣ ቦታው እንዳልተያዘበት ተነግሮታል፣ መመለሻውም ትንሽ ተደርጓል። የሁለት ሳምንት ሥራ የተከመረበት ሰው የሚያስፈልገው አንድ የሚቻል ነገር ነው፤ ሙሉውን ዝርዝር ቢልኩለት ስልኩን ዘግቶ ይተኛል።

እየሠራ መሆኑን ማወቂያ

ተመራማሪው አልፍሬድ ሮቫይ እ.ኤ.አ. በ2002 የክፍል ማህበረሰብን የሚለካ 20 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አውጥቷል፤ ለጥናት ይጠቅማል። ለዕለት ሥራ ግን አራተኛው ሳምንት ላይ ስም የማይጻፍበት የሦስት ጥያቄ ምርጫ ይበቃል። ባይገባኝ የምጠይቀው ተማሪ አለ? ብቀር የሚያስተውል አለ? ቡድኔ ውስጥ ተሳስቼ ብናገር አፍራለሁ? ከዚያ የውይይት ገጹን ይክፈቱና የመጨረሻዎቹን 20 መልዕክቶች ይቁጠሩ። ተማሪ ለተማሪ የጻፈው ስንት ነው? ከግማሽ በታች ከሆነ ችግሩ ከተማሪው ትጋት በፊት ጥያቄዎቹ ላይ ይፈለግ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «የለም» ያሉ ካሉ ደግሞ የፈላጊነት ድርሻው እየተሠራበት እንዳልሆነ ይወቁ፤ በዚያው ሳምንት የእያንዳንዱን ቡድን ፈላጊ በስም ጠይቀው ያረጋግጡ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግሩፑን አይዝጉት። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ፈቃደኛ ይጠይቁና ለሚቀጥለው ዙር ጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ አምስት አምስት ሰው ይያዝ። ጀማሪው ለመምህር የማይጠይቀውን፣ «አሳይመንቱን የት ነው የምጭነው?» የሚለውን፣ ይህን ፈቃደኛ ይጠይቀዋል።